ለሚልኬሳ የሚሆን ሞኒተር

ሠላሳ ሁለት ኢንች ከዚህ እስከዚህ ነው፤ ዶርቃ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሁለት እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘርግታ አየር ላይ አራት ማዕዘን ትሠራለች፤ ሃያ ሰባቱ ደግሞ ይህን ያህል፣ እጆቿን ታቀራርባለች፣ መልሳ ታራርቃለች፤ ሠላሳ አራት የሚባልም አለ፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የተቆለመመ፣ የሱቁ ልጅ ክንዱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ "እዚህ ፊት ስትቀመጪ አውሮፕላኑ ውስጥ ነሽ ማለት ነው" ያላት፣ እሷም "ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው" ያለችው፣ ልጁ "ታዲያ ወንድምሽ ምን ዓይነት ካርድ አለው?" ሲላት መታወቂያ የጠየቃት መስሏት ቦርሳዋን መበርበር የጀመረችው፤ ኧረ እፍረቱ! አሁንም ጉንጯን ያግለዋል፤ ግራፊክስ ካርድ ነው ለካ፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሆኖ ሥዕሉን የሚሥለው። ተገላበጠች። ፀሐይ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ ትራሷ ላይ ተኝታለች፤ ትሮምሶ ከግንቦት ጀምሮ ፀሐይ አትጠልቅም፣ እዚህ የኖርዌይ ጫፍ ላይ ማታ የሚባለው ነገር ራሱ ለወራት ይጠፋል፤ ዶርቃም አረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አድራ ጠዋት ወደዚች ክፍል ትመለስና ልተኛ ብላ ትታገላለች፤ የታችኛው ቤት ሕፃን ይሮጣል፣ አውቶቡስ ያልፋል፣ ሰውነቷ የት አገር ሰዓት እንደሚሠራ አያውቀውም፤ ቀድሞ እንቅልፍ ስታጣ የእናቷን የጉልበት ሕመም ወይም የመኖሪያ ፈቃዷን ነገር ነበር የምታወጣ የምታወርደው፣ ሰሞኑን ግን ኢንች ነው፣ ፒክስል የሚሉት የስክሪን ነጥብ ነው፣ ምክንያቱም ሚልኬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ አንድ ነገር ጠየቃት። ለእማዬ መድኃኒት ብሎ ያውቃል፣ ለሚኒባሱ ጎማ ብሎ ያውቃል። ለእኔ ብሎ ግን አያውቅም። "ዶርዬ፣ ካላስቸገርኩሽ አንድ ሞኒተር" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሠራተኛ፣ ያ ነው የቆረጣት።

ሚልኬሳ ሲሙሌተሩን፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የማብረሩን ጨዋታ፣ የጀመረው አባታቸው በዳዳ ከተዘጋ ኢንተርኔት ካፌ ያቺን አሮጌ ኮምፒውተር በሚኒባሱ ጭኖ ያመጣላቸው ጊዜ ነው፤ ሞኒተሯ ጀርባዋ ያበጠ፣ ስትበራ የምታፏጭ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለችው ቤት፣ በሁለቱ አልጋዎች መካከል በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሚልኬሳ የአሥራ ሁለት ወይ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ከቦሌ ይነሳል፣ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይዞራል፣ ሁልጊዜ ወደ እንጦጦ፤ የጨዋታው እንጦጦ ባሕር ዛፍ አልነበረውም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረውም፣ አረንጓዴ ጨርቅ የተጣለበት ጉብታ ነው፣ እሱ ግን በጣቱ የሞኒተሩን መስታወት እየነካ "ይኸው ራጉኤል፣ ይኸው ኪዳነ ምሕረት፣ ይኸው እኛ ቤት" ይላል፣ ዶርቃ አልጋው ጫፍ ላይ መንገደኛ ሆና ትቀመጣለች፣ ቀበቶ እሰሪ ትባላለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ትቋጥራለች። "ሚልኬሳ! ያንን ነገር አጥፋና ና ብላ!" እናታቸው ሣራ ከውጭ ትጣራለች። "እማዬ፣ አሁን ካጠፋሁት እንከሰከሳለን!" "በኢየሱስ ስም! ምን የሚሉት አነጋገር ነው!" ይስቃሉ። ትስቃለች ዶርቃ፣ ትሮምሶ፣ ብቻዋን፣ አንሶላዋ ውስጥ። ከዚያ ሳቁ ይቆማል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ እሷ በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች፣ ተምራ ትመለሳለች ተባለ፣ አልተመለሰችም፤ አባታቸው ታሞ ሳይሰነብት ሞተ፤ ለቅሶውን በስልክ ሰማችው፣ መስመሩ ሲቆራረጥ መዝሙሩም እየተቆራረጠ፤ ሚልኬሳም ምሕንድስናውን መሀል ላይ ጥሎ መንጃ ፈቃድ አወጣና የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፈረንሳይ አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ፈረንሳይ፤ ከአባታቸው ጋር የኖሩት የሚኒባሱ ረዳት ጋሽ ገመዳም አብረውት ቀሩ። አንዳችን መቅረት ነበረብን፣ ትላለች። ማን ይቅር ብሎ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እሷ ቀድማ ሄዳ ነበር።

ስለዚህ የምትገዛው ነገር ተራ ሊሆን አይችልም። ያን ሰሞን አገር ቤት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ ቪዲዮ የለም፣ ድምፁን ብቻ በስልክ ካርድ ነው የምታገኘው።

"ሚልኬ፣ ፎር ኬ የሚሉትን አየሁት። እንዴት እንደሚያምር! ሳሩ ሳይቀር ይቆጠራል።"

"አይ፣ ፎር ኬ አይሆነኝም። ከተራው ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ነው እኮ። የኔ ካርድ ያን ሁሉ ልሣል ሲል አውሮፕላኑ እንደኛ ሚኒባስ እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው።"

"እሺ መካከለኛው። ሃያ ሰባት ኢንች፣ ባለ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባው። ልጁ ለበረራ ልኩ እሱ ነው ብሎኛል።"

"ጽሑፉ ይቀጥናል። ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ተራ ኤችዲ። በቃ።"

"እሱን ከቅርብ ሲያዩት ነጥብ ነጥቡ ይለያል፣ ሻካራ ነው አለኝ እኮ።"

"ይሁና።"

"ሚልኬ!"

"ይሁን አልኩሽ። ትልቅ ይሁን፣ ቁጥሩ ወፈር ይበል፣ ሌላው ግድ የለም።" ከጀርባው የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል፣ አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! የሞላ አለ! ደግሞ የጋሽ ገመዳ ድምፅ፣ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ እጁ ላይ የተቀመጡ ያህል። "ልሂድ፣ ተራዬ ደረሰ።"

ይሉኝታ ነው፣ ብላ ደመደመች፤ ርካሹን የመረጠው ለእኔ አዝኖ ነው፤ ምን ጊዜም እንዲህ ነው፣ ትንሿን ዳቦ የሚያነሳው እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ትልቁን፣ ጥርት ያለውን ገዝቼ ካርዱንም ጨምሬ አስደንግጠዋለሁ። እንቅልፉ እምቢ ባላት ቁጥር ስልኳን ታነሳለች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ስለ ሞኒተር የሚከራከሩበት ገጽ ላይ ትጠፋለች፤ አንዱ ሦስት ሞኒተር ደርድር ይላል፣ አንዱ ዓይንህ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ይራቅ ይላል፣ አንዱ ከሃያ ሰባት በላይ ተራ ኤችዲ የሚገዛ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አያይም ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባ አልፋዋለች። እንዴት እንዳለፈችው በኋላ አልገባትም፤ አንብባ፣ ፈገግ ብላ፣ አለፈችው።

መጦሪያው ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፣ ዶርቃን የኢትዮጵያን ካርታ ያሣሏት፣ ወንዞቹን የጠየቋት፤ የዓይናቸው የመሀል እይታ እየጠፋ ሰውን በጎን የሚያዩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ዶርቃ ሥራዋን ጨርሳ ካፖርቷን ስትለብስ፣ የዓይን መርጃ ዕቃ የሚያዳርሰው ባለሙያ ሁለት ስክሪን ይዞ ክፍላቸው መጣ፤ አንዱ አዲስ፣ ቀጭን፣ እንደ ውኃ የጠራ፤ አንዱ ሰፊ፣ ያረጀ፣ ሻካራ። ሁለቱን አበራላቸው። መምህርቷ አዲሱ ላይ ብዙም አልቆዩም። ፊታቸውን ሰፊው ላይ አስጠጉ፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ፣ "ይኼ" አሉ፣ "ትልቅ ይሁንልኝ፣ ፊደሉ ይወፍር፣ ሌላው ግድ የለም።"

ዶርቃ አንድ እጅጌ ለብሳ አንዱ ተንጠልጥሎ ቆመች።

ሌላው ግድ የለም። ጎዳናው ላይ ትሄዳለች፣ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ትንቦገቦጋለች፣ ሌላው ግድ የለም፤ ኢንተርኔቱ ሳይዘጋ በቪዲዮ ሲደውል ስክሪኑን የሚሞላው ግንባሩ ነበር፣ "ስልኩን አርቀው እንጂ፣ ፀጉርህን ነው የማየው" ትለዋለች፣ ይስቃል፣ ለአፍታ ያርቀዋል፣ መልሶ ያስጠጋዋል፤ በገና ሰሞን የክፍሏን ፎቶ ስትልክለት "ከኋላሽ የቆመው ሰውዬ ማነው? ባል አገባሽ እንዴ?" አለ፣ ከኋላዋ የነበረው በሩ ላይ የተሰቀለው ካፖርቷ ነው፣ ይኸው የለበሰችው፣ ቀልድ መስሏት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እሱም አብሯት ሳቀ፤ ምን እያሰበ ይሆን የሳቀው? ደግሞ በየቀኑ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዞ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደወለች።

"ሚልኬ፣ ታያለህ?"

"ምኑን?"

"ሰው።"

"ማን ነገረሽ?" አለ። ሌላ ነገር ቢል ይሻል ነበር፣ አብደሻል ቢላት፣ ቢስቅባት።

"ማንም አልነገረኝም። ሞኒተሩ ነው።"

አውርቶት አያውቅም፣ ሲያወራው ተጣደፈ። መጀመሪያ መብራት ላይ ጭራ ጭራ አወጣበት፣ ከዚያ አንዱ ነገር ሁለት ሆነ፣ አሁን ፊት ለፊቱ ያለው ሁሉ ውኃ እንደነካው ወረቀት ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ሲያድስ የዓይን ምርመራውን ሰንጠረዥ ከፊቱ የገቡት ሰዎች ሲያነቡት ሰምቶ በቃሉ ይዞ ገባ፤ መንገዱን በጉድጓዱ ያውቀዋል፣ ጎማው ሲዘል የት እንደደረሰ ያውቃል፣ የቀረውን ጋሽ ገመዳ ናቸው የሚያዩለት፣ ጎኑ ተቀምጠው፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ሰው አለ፣ ቁም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ተሳላሚዎች አድርሶ ባዶውን ሲወርድ ከባሕር ዛፉ ሥር መንገዱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ነበር። "ጥላ መሰለኝ ዶርዬ። የዛፍ ጥላ። ጋሽ ገመዳ ጮሁና የእጅ ፍሬኑን ያዙት። ሴት ናት። ቅጠል ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትወርድ። አልነካኋትም፣ ግን ደንግጣ ወደቀች፣ ሸክሟ ላይዋ ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ተነሳች። አልተሳደበችም እንኳ። ሸክሟን እንዳሸክማት ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ አሸከምኳት፣ ሄደች።"

"በማግሥቱ ነዳህ?"

"ነዳሁ። ምን ልብላ? እማዬ ምን ትብላ?" አለ። "ማታ ማታ ሲሙሌተሩ ላይ ነው የምለማመደው። ቁጥሮቹን ማንበብ ከቻልኩ ገና አያለሁ ማለት ነው እላለሁ። አሁን በዚህኛው ሞኒተር ከፍታዬን ማንበብ አቃተኝ። ለዚህ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ። ለእማዬ እንዳትነግሪ።"

"እሺ" አለችው። እሺ ብላለች፣ በአፏ፣ ሰምቷታል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር መሞከሩንም ተወችው። ከሥራ ስትወጣ ከተማውን ትዞራለች፤ ሰዎች በዚያ በማያልቅ ብርሃን ጀልባቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ ውሻ ያናፍሳሉ፣ እሷ ግን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ናት፤ ትምህርት ቤት ሊወጣ ነው፣ ልጆቹ ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መንገዱ ላይ ይፈሳሉ፣ ከላይ ሚኒባሱ ይመጣል፣ ታያለች፣ እሱ አያይም፣ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አንዲት የማታውቃት ሴት በኖርዌይኛ "ደህና ነሽ?" ትላታለች። ደህና ነኝ። አይደለሁም። ብነግርበት ዓይንሽን እንዳላይ ይለኛል፣ እሺ፣ ይበለኝ፤ ዝም ብልስ? ዝም ብዬ አንድ ቀን ስልኩ ቢጮህስ? ደግሞስ ማን ነኝና ነው እዚህ ተቀምጬ የእነሱን ጎማ የማስቆመው፣ የቀረው እሱ፣ የሄድኩት እኔ። ስልኩን ታወጣለች፣ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ታወጣለች። ሦስተኛው ላይ ደወለች፣ ጋሽ ገመዳ አነሱ።

"ጋሽ ገመዳ፣ ቁልፉን ይውሰዱበት።"

አልጠየቋትም ምን ቁልፍ ብለው። "ዶርቃ ልጄ፣ ለአባትሽ ቃል ገብቼለታለሁ። ልጁን አልተወውም ብዬ። ይኸው አልተውኩትም፣ ጎኑ ነኝ፣ ዓይኑ ነኝ።"

"ያን ዕለት ቢያስነጥስዎትስ ኖሮ?"

"ምን?"

"ያቺ ሴትዮ መንገዱ ላይ ሳለች። ቢያስነጥስዎት፣ ሒሳብ እየቆጠሩ ቢሆን፣ ዞር ብለው ቢሆን።"

"ዞር ብዬ ነበር" አሉ። "ስመለስ ነው ያየኋት። ይኸው እስከ ዛሬ ያቃዠኛል።" "እሺ" አሉ፣ "ዛሬውኑ።"

ሚልኬሳ ስልኳን ማንሳት አቆመ። ኢንተርኔቱ ተለቀቀ፣ መልእክቶቿ ደርሰው ተነበቡ፣ መልስ የለም። እናቷ ናት የምትነግራት፣ እያለቀሰች፣ መጀመሪያ ዶርቃንም እየወቀሰች፤ "በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ምን ብለሽ ነው ገመዳን ያዘዝሽው? እኔን አታማክሪኝም ነበር?" በሌላ ቀን ደግሞ ድምፅዋ ረግቶ፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስደውታል፣ ጋሽ ገመዳ በአንድ ክንዱ እሷ በአንዱ፤ የዓይኑ ፊት እየሾለ ነው አሉ፣ አንደኛው በጠንካራ ሌንስ ይስተካከላል፣ ሁለተኛውን ግን እንየው ብለዋል፣ ቀጠሮ ሰጥተዋል። ሚኒባሱን ሌላ ሾፌር ይዞታል። "ይቆጣኛል አይደል እማዬ?" "ስምሽ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል" አለች ሣራ፣ መሸፋፈን አትችልበትም።

ዶርቃ ሱቁ ሄደች። ያ ልጅ አስታወሳት፣ ወደ ፎር ኬው ወሰዳት፣ አብርቶ ጠበቃት፤ ባሕር፣ ደሴት፣ የአሸዋው ቅንጣት ሳይቀር፤ ቆማ አየችው፣ ያምራል፣ እሷ እንዲያየው የምትፈልገው ይሄንን ነበር፣ ለራሷ ኅሊና የሚበቃውን። "ያኛውን" አለችው ጥግ ወዳለው እያመለከተች፣ "ሠላሳ ሁለት ኢንች፣ ተራ ኤችዲ።" "እርግጠኛ ነሽ? ከቅርብ ሲያዩት እኮ" "ከቅርብ ነው የሚያየው" አለች። ልጁ ካልተስማማሽ መመለስ ትችያለሽ ብሎ ደንቡን ያስረዳት ጀመር፣ እሷ ግን ካርቶኑን አቅፋለች። ለእረፍት አዲስ አበባ የምትሄድ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው በብርድ ልብሶች መሀል ጠቅልላ ወሰደችላት።

ሐምሌ ገባ። ደረሰ የሚል የለም፣ ተሰበረ የሚል የለም። ዶርቃ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ፣ ቪዲዮ፣ ሚልኬሳ። አነሳችው። ፊቱ አይታይም፤ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፎታል፣ የሚታየው ሞኒተሩ ነው፣ ጠረጴዛውን ከዳር እዳር ይዞት፣ ውስጡ ሰማይ።

"አንቺ ነሽ የነገርሽው" አለ ድምፁ ብቻ።

"እኔ ነኝ።"

"እሺ ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር።"

ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እዚያ። "ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ሲዘረጉ" አለ፣ "ስጠኝ ሳይሉኝ ነው የሰጠኋቸው። ማንም አያውቅም ይህን። ሰጥቼ ስጨርስ ነው የተናደድኩት። አሁንም አልበረደልኝም፣ እንዳይመስልሽ።"

"አይመስለኝም።"

"ሰፊ ነው" አለ ሞኒተሩን። "ሻካራ ነው። ቁጥሩ ይነበባል።"

"አንብብልኝ።" ለመፈተን እንደሆነ ገብቶታል፣ እሷም እንደገባው ገብቷታል። ከፍታውን አነበበ፣ ፍጥነቱን አነበበ፣ አቅጣጫውን አነበበ፤ ዶርቃ ስልኳ ላይ ተደፍታ አንድ በአንድ አስተያየች፣ አልሳተም። አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ሰሜን እየዞረ ነው፤ ከተማው እንደ ጠጠር ከሥር ይፈሳል፣ ከዚያ ተራራው መጣ፣ የስክሪኑን ግማሽ የያዘ፣ አረንጓዴና ግራጫ ነጥብ በነጥብ ላይ።

"ግራ በኩል ያለው ነጭ ነገር" አለ ሚልኬሳ፣ "ደመና ነው ወይስ ተራራው ነው?"

ዶርቃ ስልኩን አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ዓይኗን አጠበበች። ነጭ ነው። ዳር የለውም። ደመና ነው ልትል ነበር።

"አላውቅም" አለች። "እኔም አይታየኝም።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ትንሽ ሳቀ፣ በአፍንጫው። "እንግዲያው ከፍ ልበል" አለ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ አነሳው፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ስክሪኑም ቀስ እያለ በሰማይ ሞላ።